ሃያ ሊትር ባሕር

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ፣ የተማርኩትም እንጀራዬን የማገኘውም መቀሌ ነው። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ውሃ የወሎው ሐይቅ ነው። እሱንም ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ለዚያውም አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ግማሹን ከልለውብኛል። እንዲህ ያለ ሰው ተነስቶ "ትዳሬን ያገኘሁት ባሕር ውስጥ ነው" ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ከክብሮም ጋር የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት አለን። ምሕንድስና ተምሬ መስኮት እገጥማለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ "ሕንጻ ይሠራል" ትላለች፤ እኔም አላርማትም። አልፎ አልፎ ደግሞ ካፌዎች የዓሣ ገንዳ ያሠሩናል። መስታወቱን አጣብቀን፣ ውሃ አለማፍሰሱን አይተን እናስረክባለን። ከዚያ በኋላ ዓሣው ይኑር ይሙት ጉዳያችን አልነበረም።

የእኔ ጉዳይ ትርሓስ ነበረች። ተማሪ ሳለሁ ዓዲ ሓቂ በሚባል ሌላ የመቀሌ ሰፈር የተከራየሁት በአባቷ ግቢ፣ ከኋላ ካሉት ክፍሎች አንዷን ነው። ያኔ በመካከላችን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም፤ ሰላምታው ግን ረዘም ይል ነበር። ክፉው ጊዜ ሲመጣ እኔ ቤተሰብ ልጠይቅ ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ። ያ ሁሉ አልፎ መስመር ሲከፈት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው።

"ሙሉቀን ነኝ፤ አስታወስሽኝ?" አልኳት።

"ቁጥርህን መቼ አጠፋሁትና" አለችኝ።

ብዙም ሳልቆይ ዕቃዬን ጠቅልዬ መቀሌ ተመለስኩ። እሷ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ነበር፤ እኔም ካለ በሽታዬ የመድኃኒት ቤት ደንበኛ ሆንኩ። በመጨረሻ አጎቴ ከኮምቦልቻ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣና የትርሓስን አባት፣ አቦይ ሓጎስን፣ ልጃቸውን ለልጃችን ብሎ ጠየቀ። አቦይ ሓጎስ በአክብሮት ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"ልጁን አልጠላሁትም። ግቢዬ ውስጥ ኖሯል፣ ጠባዩን አውቃለሁ። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ሁላችንም አይተናል። ነገ ዳግመኛ ቢዘጋ ልጄ በየትኛው ወገን ትቀራለች? እስቲ እናስብበት።"

"እናስብበት" የምትባለውን ነገር መቼም ታውቋታላችሁ። እሺ አይደለችም፣ እምቢ አይደለችም፤ ሰውን አንጠልጥላ የምታቆይ ናት። አጎቴ ሲመለስ "አይዞህ፣ ፊታቸው ደህና ነበር" አለኝ። እኔ ግን እህል አልበላ አለኝ።

እንዲህ ተንጠልጥዬ ሳለሁ አንድ ጠዋት ሥራ ቤታችን ደጅ ባጃጅ ቆመና አቦይ ሓጎስ ወረዱ። ቢጫ ጄሪካን እንደ ሕፃን አቅፈዋል። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጥም አሉ። ራሳቸው ተሸክመው ገብተው ጠረጴዛችን ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

"ከመይ ሓዲርኩም፣ ደቀይ?" አሉን።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቦይ። ደህና አደሩ?"

ክዳኑን ፈቱና ጥቂት በክዳኑ ቀድተው ሰጡኝ። "ቅመሰው።"

ቀመስኩት። ጨው ነው፤ ምላሴን ጠረገው። ክብሮምም ነገር አያልፈውምና ተቀብሎ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። "ዋእ! አቦይ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ባሕር ነው" አሉ።

አቦይ ሓጎስ በጎልማሳነታቸው የባሕር ኃይል መርከብ መካኒክ እንደነበሩና ምጽዋ እንደኖሩ አውቃለሁ። ግቢያቸው የኖረ ተከራይ ሁሉ ያውቃል፤ ሳያወሩት የሚያድሩበት ቀን የለም። ይህን ግን አልሰማሁም ነበር። ድንበሩ ለጥቂት ጊዜ በተከፈተ ወቅት፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ሊጠይቅና ዕቃ ሊሸምት አስመራ ሲጎርፍ፣ እሳቸው አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ ምጽዋ ወርደዋል። ሌላው ጫማና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲመለስ እሳቸው ይህን ጄሪካን ተሸክመው መጡ። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። ጄሪካኑ አልጋቸው ሥር ተቀመጠ። በክፉው ጊዜ ቧንቧ ደርቆ ሰፈርተኛው ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት እንኳ ያች አልተነካችም። ብትነካስ ማን ይጠጣታል?

"ይህን ልክክ አድርጎ የሚይዝ መስታወት ሥራልኝ" አሉኝ። "ከዚያ የሚስማማውን ዓሣ ፈልግልኝ። ውሃ ብቻውን ባሕር አይባልም፤ የሚኖርበት ያስፈልገዋል። አልጋ ሥር ስንት ዓመት ይቀመጣል? እኔም እያረጀሁ ነው። ዓሣው ኖሮ ሳየው ያን ጊዜ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ጥራ።"

"ባይኖርስ፣ አቦይ?"

ጄሪካኑን አዩት። "ባይኖርማ ሌላ ባሕር የለኝም" ብለው ወጡ።

ክብሮም እስኪርቁ ጠበቀና "ፈተና ነው" አለኝ። "እነዚህ የድሮ መርከበኞች ነገር አላቸው። ወይ ታገባለህ ወይ ዓሣ ነጋዴ ትሆናለህ።"

ገንዳውን ሠራሁት። አንድ ክንድ ቢረዝም ነው፤ ለካፌ ከምንሠራው አጠገብ ሲቀመጥ የሳሙና ማስቀመጫ ይመስላል። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ መስታወት ቆርጬ አላውቅም። ያጣበቅኩትን አፍርሼ እንደገና አጣበቅኩ። በቧንቧ ውሃ ሞልቼ እየዞርኩ ዳበስኩት። አንዲት ጠብታ ብታመልጥ የምታመልጠው ምጽዋ ናት።

ዓሣው ነው የከበደኝ። የክብሮም ምክር ቀላል ነበር፦ "ከተከዜ የሚመጣው ቆሮሶ አለልህ አይደል? ጫጩቱን እናስገባለት። ካደገም ይጠበሳል።" ውሃው ቢያንስም መላ አለው፦ "የአፋር አሞሌ መቀሌ ሞልቶ! ያ ጨው ራሱ የደረቀ ባሕር ነው ይባል የለም? መልሰህ ማራስ ነው።" የእኛ ከተማ ሰው ከጨው ጋር ስለኖረ የማይችለው ነገር ያለ አይመስለውም፤ እኔም እውነት መስሎኝ ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዱ አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ስልክ ሰጠኝ። ሰናይት ትባላለች። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ድምፅዋ ግን ሰው ሲሳሳት ደስ የሚላት ሴት ድምፅ ነው።

"የባሕር ዓሣ ፈልጌ ነበር" አልኳት።

"ገንዳህ ስንት ሊትር ነው?"

"ሃያ።"

"ሁለት መቶ ለማለት ነው?"

"አይ፣ ሃያ።"

"ወንድሜ፣ ይሄ ሾርባ ነው እንጂ ባሕር አይደለም።"

ተናደድኩ፤ ግን የቸገረው ሰው ነኝና ዋጥኩት። በስልኬ ሥዕል ሳይ ከርሜ የመረጥኳቸውን ነገርኳት፦ ነጭ ቀበቶ የታጠቁትን ብርቱካናማዎች ሁለት፣ እንደ ዕንቁ የሚያበራውን ሰማያዊ አንድ። ሦስቱንም በአውሮፕላን ላኪልኝ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ነጋዴ አይደለች?

"ሰማያዊው ጌጥ ነው፣ ጠባዩ ግን የሰፈር ጉልበተኛ ነው" አለችኝ። "ጠባብ ቤት ስታስገባው ሁሉንም ነክሶ ነክሶ ብቻውን ይቀራል። ብርቱካናማዎቹ ደግሞ ያድጋሉ። ትንሽ ዓሣ ሁሉ ለትንሽ ውሃ አይሆንም። በትንሽ ውሃ ውስጥ የሚበሉትም የሚጥሉትም ቶሎ ይሞላል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል። አንዱ ከሞተ ውሃው ይበላሻል፣ የቀሩትም ይከተሉታል። መለዋወጫ የባሕር ውሃ አለህ?"

"የለኝም። ያለን ይሄው ነው።"

"የባሕር ጨው ልላክልህና ቀላቅል?"

"አይሆንም፤ የምጽዋ መሆን አለበት።" ታሪኩን ባጭሩ ነገርኳት፣ የሽምግልናውንም ጭምር።

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "እንግዲያው አንድ ዓሣ ብቻ ነው የምታስገባው" አለች። "አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው የሚውሉ ትንንሽ የባሕር ዓሦች ነበሩ፤ ለእንዲህ ያለ ቤት የተፈጠሩ። አሁን የለኝም፣ መቼ እንደሚመጡም አላውቅም። ሞሊ ታውቃለህ? ያ ጥቁሩ፣ ካፌ ሁሉ ያለው።"

"እሱ የባሕር አይደለም እኮ።"

"አይደለም። ግን ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የሚኖር ዘር ስለሆነ ሁለቱንም ይችላል። አትወርውረው፤ ጨዉን ቀስ ብለህ፣ በጠብታ፣ በቀናት አለማምደው። ወንዱን ውሰድ። ሴቷን ከወሰድክ አርግዛ ትመጣና ባሕሩን በልጅ ትሞላብሃለች። ደግሞ ውሃው በተነነ ቁጥር ጨው እንዳትጨምር። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም፤ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምርበት። ምግብ በቀን ቁንጥር ነው። ሰምተሃል?"

ሰምቻለሁ። ግን አንድ ዓሣ? በእኛ አገር አንድ ነገር ይዞ የሰው ቤት ይገባል እንዴ? እንቁላል እንኳ በአንድ አይሰጥም። ክብሮም ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

"እናንተ ጥሎሽ ትሉታላችሁ አይደል? ለጥሎሽ አንድ ዓሣ? ለዚያውም ጥቁር? ልቅሶ ነው እንዴ የምትሄደው?"

እውነት ለመናገር ስልኬን አንስቼ ሦስቱን ባለቀለሞች ላዝዝ ተቃርቤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሲደምቁ፣ አቦይ ሓጎስ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጎረቤት ሲያደንቅ ታየኝ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ትርሓስን አገኘኋትና ሁለቱንም አማራጭ ነገርኳት። ምሳዋን እየበላች እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባቴ ቆንጆ ነገር ነው የጠየቀህ?" አለችኝ።

"ዓሣ ነው የጠየቁኝ።"

"የሚኖር ዓሣ ነው የጠየቀህ። ያ ውሃ ቢበላሽ አባቴ አይቆጣህም፤ ዝም ነው የሚለው። እኔ ደግሞ የእሱን ዝምታ አልችለውም።"

በዚያው ወሰንኩ። ለራሴ ጥሩ ሆኜ ልታይ ብዬ የሰውዬውን ባሕር አልቆምርበትም።

ገንዳውን እነ ትርሓስ ሳሎን ጥግ አስቀምጠን፣ ጄሪካኑን አቦይ ሓጎስ በእጃቸው ገለበጡት። ትንሽ የአየር ፓምፕና የማጣሪያ ስፖንጅ ገጠምኩለት። ሰናይት እንዳዘዘችኝ ውሃው ዓሣ ለማኖር እስኪበስል ለሳምንታት ያለ ዓሣ ቆየ። እሳቸውም ለሳምንታት ባዶ ውሃ ፊት ወንበር አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ከዓዲ ሓቂ ካፌዎች አንዱ፣ ገንዳውን እኛ የሠራንለት፣ ወንድ ሞሊ መርቆ ሰጠኝ። በመስታወት ማሰሮ ይዤው ስገባ አቦይ ሓጎስ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይህ ከየትኛው ባሕር ነው?" አሉኝ።

"ከቀይ ባሕር" ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ከልጅቷ ጋር ዕድሜ ልኬን ልኖር ነው።

"ከዓዲ ሓቂ ነው፣ አቦይ። ከካፌው።"

ባለቤታቸው አደይ ለተ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። "ዓዲ ሓቂ ባሕር ካለማ እኔን ምጽዋ ምን ወሰደኝ?" አሉ።

የሰናይትን ነገር ሁሉ አስረዳኋቸው፦ ውሃው ትንሽ መሆኑን፣ ቀለም ያለው ቢሞት ባሕሩን ይዞት እንደሚሄድ፣ ይህ ግን ቀስ ተብሎ ከተለማመደ እንደሚችል። ዓሣውን ደጋግመው አዩት። "ሕራይ፣ እንሞክር" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውስጥ ግን ቅር ያለው ነገር ነበር፤ ሰምቼዋለሁ።

ትርሓስ የግሉኮስ ቱቦ አመጣች። አንዱን ጫፍ ከገንዳው፣ ሌላውን ዓሣው ካለበት ማሰሮ አደረግንና የቱቦዋን መቆጣጠሪያ አጥብቀን ጠብ፣ ጠብ እንድትል አደረግናት። ለቀናት ያች ጠብታ ተጠበቀች። አቦይ ሓጎስ ቤቱን መርከብ አደረጉት። "ተረኛ ማን ነው?" ይላሉ። አደይ ለተ ሽሮ እያማሰሉ ተረኛ ይሆናሉ፤ የኋላ ክፍል ተማሪዎች እያጠኑ ተረኛ ይሆናሉ፤ እኔ ከሥራ ስወጣ እገባለሁ። ከእሳቸው ጋር አንድ ላይ ተቀምጬ ያን ያህል ያወራሁት ያን ሰሞን ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠብታዋን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ እኮ የሕንጣሎ አራሽ ልጅ ነኝ። መርከብ ላይ የወጣሁ ዕለት አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። አለቃችን 'ይሄ የተራራ ልጅ አይሆነንም፣ መልሱት' አለ። ምግብ አብሳዩ የወሎ ሰው ነበር። 'ተዉት፣ ይለምዳል' አለና ደረቅ ዳቦ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰ ይሰጠኝ ጀመር። ጥቂት ዳቦ፣ ጥቂት ንፋስ፣ ጥቂት ማዕበል። አንድ ቀን ወደብ ደርሰን ስወርድ መሬቱ ተወዛወዘብኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባሕሩን ለምጄ መሬቱን ረስቼ ኖሯል።"

"የወሎ ሰው ነበር ያሉት?" አልኩ ፈጠን ብዬ።

"አሁን ስለ ዳቦው ነው የማወራው" አሉ፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል።

ሞሊው ባሕር ገባ። መጀመሪያ ጥግ ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ክንፉን ዘረጋ። እውነቴን ነው፣ ካፌ ውስጥ ጠቁሮ የከረመው ዓሣ በዚያ ንጹህ ውሃ ውስጥ ከፋይ ካባ የለበሰ መሰለ። አቦይ ሓጎስ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ቀኑን ሙሉ አልተነሱም።

ወሬው በሰፈሩ ናኘ፤ "አቦይ ሓጎስ ባሕር ከፈቱ" ተባለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ጎረፈ። የሰንበቴ ወዳጆች፣ ጎረቤቶች፣ ተከራዮች፣ ክብሮምም አንድ ኪስ ቆሎ ይዞ። አቦይ ሓጎስ በር ላይ ቆመው ለሁሉም አስጠነቀቁ፦ "ማየት ይቻላል። ማብላት ክልክል ነው።" ሁሉም "እሺ፣ አይዞዎት" አለ።

ሞሊ ደግሞ ጠባዩ መጥፎ ነው፤ ሰው ሲጠጋው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። የሐበሻ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ሕምባሻ ይዞ ቆሞ፣ አንድ ፍጡር ፊት ለፊቱ አፉን ከፍቶ ሲያየው፣ እንዴት ብሎ ብቻውን ይበላል?

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልጀምር ስል ትርሓስ ደወለች። "ቶሎ ና። ባሕሩ ወተት ሆኗል።"

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ውሃው ነጥቷል፣ ሸትቷል። ዓሣው ከላይ አፉን አውጥቶ በጭንቅ ይተነፍሳል። የገንዳው ወለል ላይ የምግብ ፍርፋሪ ተኝቷል። ሲብስም መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል። አቦይ ሓጎስ ወንበራቸው ላይ ዝም ብለዋል። ትርሓስ የነገረችኝ ያ ዝምታ ነው። ሠርጉንማ ረስቼዋለሁ፤ የእኚህ ሰው ባሕር እጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ነው የፈራሁት።

ለሰናይት ደወልኩ። "ፍርፋሪውን በሙሉ ምጠጥ፣ ውሃውን አየር ስጠው፣ ምግብ የሚባል ነገር እንዳታሳየው። ስንት ዓሣ ነው ያስገባኸው?"

"አንድ።"

"ተመስገን በል። ሦስት ቢሆኑ ይሄኔ የምትደውልልኝ ለቀብር ነበር።"

በዚያችው የግሉኮስ ቱቦ ፍርፋሪውን ሳብነው። የወጣውን ውሃ ግን ማን ይደፋዋል? ምጽዋ እኮ ነው። አደይ ለተ የክት ነጠላቸውን አምጥተው አራት አጥፈው ባልዲ ላይ ወጠሩት፣ ባሕሩን በነጠላ አጠለልነው፣ መልሰን ጨመርነው። ከዚያ አየር። አንዳችን በኩባያ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናንቆረቁራለን፤ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል። እዚህ ላይ አቦይ ሓጎስ ድንገት ከወንበራቸው ተነሱ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ተረኛ ማን ነው?" አሉ።

ነፍሴ መለስ አለች።

እያንቆረቆርን ምርመራ ጀመሩ። "ማን ነው ያበላው?"

"እኔ አንዲት ብቻ፣ ሕምባሻ፣ ይህችን የምታክል" አሉ አደይ ለተ፣ የትንሽ ጣታቸውን ጫፍ እያሳዩ። "ዓይኔን አፍጥጦ እያየኝ ምን ላድርግ?"

ከተማሪዎቹ አንዱ ብስኩት አምኗል፤ አንዲት ብቻ። ሊጠይቁ ተመልሰው የመጡት ጎረቤት ዳቦ፤ አንዲት ብቻ። ክብሮምን በስልክ ጠየቅነው፤ "ቆሎ፣ ግን አንዲት ፍሬ፣ እሷንም አልበላትም" አለ። ትርሓስ አንገቷን ደፋች። "የእንቁላል አስኳል" አለች። "ከጉዞው እንዲበረታ ብዬ ነው። ጥቂት ናት።" የመድኃኒት ባለሙያ ናት እንግዲህ። እኔ ብቻ ንጹህ ነበርኩ፤ ሰናይትን ስለምፈራ።

ሁሉም ያጎረሰው አንዲት ብቻ ነው። ሰው ግን ብዙ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ፣ ፓምፑ ጀመረ። እኛም ኩባያውን አልተውንም። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳልገባ በዚያ በኩል አለፍኩ። በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ አቦይ ሓጎስ ራሳቸው ናቸው፤ ክንዴን ይዘው ወደ ገንዳው ወሰዱኝ። ውሃው ጠርቷል። ሞሊው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ አንዳችም እንዳልደረሰበት ሁሉ፣ አፉን ከፍቶ ይለምናል።

ጎን ለጎን ቆመን አየነው። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብለው አደይ ለተ አለመኖራቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሙሉቀን ወደይ፣ ልጄ፣ እኔም አጉርሼዋለሁ።"

"እርስዎ? አቦይ፣ በር ላይ ቆመው ሲከለክሉ የነበሩት?"

"ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት።"

"ሁለት?"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ነዋ።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ አደይ ለተ ከጓዳ ወጥተው "ምን ሆናችሁ?" ቢሉን ሁለታችንም አልተናገርንም። ቁርስ ቀረበ፣ ፍርፍር። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ፤ ከአቦይ ሓጎስ እጅ ግን ጎርሼ አላውቅም። ያን ዕለት ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። ጉንጬ ሞላ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ።

"አቦይ፣ አንድ ያጣላል እኮ" አልኳቸው።

"ሁለተኛው ለሠርግህ ቀን ነው። አጎትህን ጥራው" አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ በሥራዬም በኑሮዬም አንድ ነገር ተለውጦብኛል። የዓሣ ገንዳ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ስለ ቀለሙ ሲያወራኝ "መጀመሪያ ውሃህ ስንት ነው?" እለዋለሁ። ደንበኛ ያባርራል ብሎ ክብሮም ይነጫነጫል። ትዳር ስንጀምር የተከራየነው ቤት አንድ ክፍል ነው። እናቴ ትልቅ ቁም ሳጥን፣ የትርሓስ አክስት ትልቅ ሶፋ ሊልኩልን ነበር፤ አይሆንም አልን፣ ትንሽ ተቀየሙ፣ ኋላ ረሱት። በትንሽ ቤት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይዞ መግባት ነውር አለመሆኑን ያስተማረኝ ያ ጥቁር ዓሣ ነው። እናንተም ለምትወዱት ሰው ስትመርጡ ዓይን የሚሞላውን ሳይሆን የሚኖረውን ምረጡ። ደግሞ እባካችሁ፣ ሰው ቤት ያለ ዓሣ አፉን ቢከፍትባችሁ ዞር በሉ።

በሠርጋችን ቀን ከሕንጣሎ የመጡ አንድ የትርሓስ አያት ወንድም ነበሩ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ሽማግሌ። በመሃል አቦይ ሓጎስን ጠሩና ወደ እኔ እያመለከቱ "ሙሽራው የየት አገር ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ። እኔ "ከኮምቦልቻ" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ከዓዲ ሓቂ ነው" አሉ አቦይ ሓጎስ፤ ሳልናገርም ሁለተኛውን ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱት።